ወደ እትዬ አስካለ የዞረው ስክሪን

ቁጡ ነኝ። አስቀድሜ የምናገረው የቀረውን ስታነቡ «ይቺን ልጅ ምን ነክቷት ነው?» እንዳትሉ ብዬ ነው። ምንም አልነካኝም፤ እንዲሁ ነኝ። እናቴ ቁጣሽ አፍንጫሽ ላይ ነው ትለኛለች፤ በአማርኛ ስትነግረኝ ካልሰማኋት በትግርኛ ትደግምልኛለች። በሁለቱም ቋንቋ አልተሻሻልኩም።

ጊዜው ሁለት ሺህ ሰባት ዓመተ ምሕረት፣ ሰኔ መግቢያ ነው። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር። ካዛንቺስ ውስጥ ከዋናው መንገድ ገባ ብሎ ባለ አንድ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ የትርጉምና የጽሕፈት ቢሮ እሠራ ነበር። ቢሮ ሲባል ብዙ እንዳታስቡ። ሁለት ክፍል ነው፤ አንዱ የባለቤቱ የአቶ ንጉሤ፣ ሌላው የእኔና የእትዬ አስካለ። አቶ ንጉሤ ከእንግሊዝኛ ወደ አማርኛ ይተረጉማሉ፤ የሚተረጉሙትም በእስክሪፕቶ ነው። ኮምፒውተር ፊት ሲቀመጡ ሐሳባቸው ይበተናል። የእጅ ጽሑፋቸውን እኔ እተይበዋለሁ። ከዚያ ማመሳከር ይመጣል፤ እትዬ አስካለ ረቂቁን ጮክ ብለው ያነባሉ፣ እኔ ደግሞ የተየብኩትን ስክሪን ላይ በዓይኔ እከተላለሁ። «ነጠላ ሰረዝ»፣ «አራት ነጥብ»፣ «አዲስ መስመር» ሳይቀር ይነበባል። እትዬ አስካለ ሥራውን የተማሩት በታይፕ ዘመን ነው። መሥሪያ ቤት ውስጥ ዕድሜያቸውን ሙሉ ታይፒስት ሆነው ጡረታ ሲወጡ አቶ ንጉሤ በውል ቀጠሯቸው።

የእኔ ጠረጴዛ ከግድግዳው ጋር የተገጠመ ስለሆነ ስሠራ ፊቴ ወደ ግድግዳው ነው። እሳቸው ከኋላዬ፣ መስኮቱ ሥር ይቀመጣሉ። ስለዚህ ለእኔ እትዬ አስካለ ማለት ከጀርባዬ የሚመጣ ድምፅ ማለት ነበሩ። ለስላሳ፣ የሚያምር ድምፅ ነው፤ ግን ዝግ ይላል። ባለፈው አንድ ዓመት ጭራሽ መሐል ላይ ይቆም ጀመር። «ይቅርታ ልጄ፣ መስመር ጠፋኝ» ይላሉ። አንድ ልማድም አመጡ፤ ነገ የሚነበበውን ገጽ ዛሬ ማታ ቤታቸው ቄራ ይዘውት ይሄዳሉ። «ልዘጋጅበት» ነው የሚሉት። ለአቶ ንጉሤ ትጉህ መስለው ለመታየት የሚያደርጉት ይመስለኝ ነበር። ደሜን ያፈላው ነበር።

ነገራችን የተበላሸው በአንድ ትምህርት ቤት የውስጥ ደንብ ነው። አመሳክረን አስረከብን፤ በሳምንቱ ተመለሰ። አንድ መስመር ተዘሏል። ረቂቁ ላይ ሁለት ተከታታይ መስመሮች «የታመመ ተማሪ» ብለው ይጀምራሉ። የመጀመሪያው የታመመ ተማሪ ያለ ፈቃድ ከክፍል አይወጣም ይላል። ሁለተኛው ደግሞ ወላጁ ተጠርቶ ወደ ቤቱ ይሸኛል ይላል። እኛ ባስረከብነው ላይ ሁለተኛው የለም። በእኛ ደንብ የታመመ ልጅ ታሞ እዚያው ክፍሉ ውስጥ ይቀራል።

ስተይብ የዘለልኩት እኔ ነኝ፤ አልክድም። ግን ማመሳከር የሚባል ነገር የተፈጠረው ለዚህ አይደል? እሳቸው ቢያነቡት ኖሮ እይዘው ነበር።

«ያችን መስመር አላነበቧትም» አልኳቸው።

«አንብቤያለሁ ልጄ። የነበረውን ሁሉ አንብቤያለሁ።»

«እትዬ፣ ጆሮዬ እኮ አልተደፈነም!»

«እኔ ያላነበብኩት ነገር የለም» አሉ። አቶ ንጉሤ ሁለታችንንም ገሠጹን። እኔ ግን በልቤ ማልኩ። ከእንግዲህ የሰው አፍ አልጠብቅም፣ በራሴ ዓይን አየዋለሁ አልኩ። ወረቀቱን ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ ስሞክረው ዓይኔ ወደ ታች ወደ ላይ ሲል መስመሩ ይጠፋዋል። ረቂቁና የተየብኩት ጎን ለጎን፣ በእኩል ከፍታ መቆም አለባቸው። ስለዚህ ሁለት ስክሪን ያስፈልገኛል። ወንድሜ አዲስ ላፕቶፕ ሲያገኝ ለእኔ የጣለልኝ አሮጌ ላፕቶፕ ቤት ውስጥ ተቀምጦ ነበር፤ ወፍራም ነው፣ ባትሪው ሞቷል፣ ሁለት ፊደል ተነቅሎበታል፤ ስክሪኑ ግን ደህና ነው።

አንድ ጠዋት በቦርሳ ተሸክሜው መጣሁ።

አቶ ንጉሤ አርባ ገጽ ረቂቅ ይዘው ቀድመውኝ ገብተዋል። ከዋዜማው ተይቤው ጨርሻለሁ፤ እሳቸው ደግሞ ሌሊቱን በቀይ እስክሪፕቶ ሲያርሙት አድረዋል።

«ይኼ የጤና ኬላ መመሪያ ነው፤ የሕፃናት መድኃኒት አሰጣጥ» አሉኝ። «ግማሽ ክኒን የሚለው አንድ ክኒን ሆኖ ቢወጣ በነፍስ ነው የምንጠየቀው። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ኦሎምፒያ ወስጄ አስረክባለሁ። ዛሬ ስህተት አልፈልግም።»

ወደ ክፍላቸው ተከትያቸው ገባሁ። እትዬ አስካለ ገና አልገቡም ብዬ ነው። «አቶ ንጉሤ፣ ዛሬ ብቻዬን ላመሳክረው» አልኩ። ስለ ሁለቱ ስክሪን አስረዳኋቸው፤ በግራ ረቂቁ፣ በቀኝ የተየብኩት። «አንባቢ ከእንግዲህ አያስፈልገኝም።»

«ወይዘሮ አስካለስ?»

«እሳቸው ሥራውን እያጓተቱ ነው። መስመር ይዘልላሉ። ሲነገራቸው ደግሞ አይቀበሉም።»

አቶ ንጉሤ መነጽራቸውን አውልቀው ትንሽ አሰቡ። «ውላቸው በዚህ ወር መጨረሻ ያልቃል። ዛሬ ብቻሽን አጥርተሽ ካስረከብሽኝ አላድሰውም» አሉ። ከዚያ ለስብሰባ ወጡ። እኔም ደስ እያለኝ ወጣሁ። ደስ እያለኝ! ይህንንም አልክድም።

እንግዲህ ሥራ ጀመርኩ። የፕሮጀክተር ገመድ መሳቢያ ውስጥ ነበር፤ አንዱን ጫፍ የቢሮው ላፕቶፕ ላይ፣ ሌላውን አሮጌው ላይ ሰካሁ። ምንም የለም። ነቅዬ ሰካሁ። ያሉትን ቁልፎች ሁሉ ተጫንኩ። የቢሮው ላፕቶፕ ብልጭ አለና «ሌላ ስክሪን አልተገኘም» አለኝ። ዓይኑ ሥር ተቀምጦ! ሁለቱንም አጥፍቼ አበራሁ። የወንድሜ ላፕቶፕ ለመነሣት ደግሞ እንደ አሮጌ የጭነት መኪና ነው፤ እያጉረመረመ አሥር ደቂቃ ይወስዳል። አራት ሰዓት ሆነ።

እትዬ አስካለ በዚህ ሁሉ መሐል መስኮቱ ሥር ዝም ብለው ተቀምጠዋል። አንድ ጊዜ ብቻ፣ «እሱ ከሠራ፣ ዛሬ እኔ አላነብም ማለት ነው?» ሲሉ ጠየቁኝ።

«አያነቡም።»

«ተመስገን» አሉ።

ተመስገን! ሥራ ስለቀረላቸው ተመስገን! ጥርሴን ነክሼ ወደ ታች ወረድኩ፤ ምድር ቤት ሮቤል የሚባል ኮምፒውተር ጠጋኝ አለ። እኩያዬ ነው፤ ሁልጊዜ ይስቃል፤ ስሜን አሳጥሮ ሰኒ ይለኛል። ወጥቶ ገመዱን እንዳየ ሳቀ።

«ሰኒ፣ ሙድ እየያዝሽብኝ ነው?»

«ምን ያስቅሃል?»

«ማለቴ፣ ይኼ ቀዳዳ እኮ ምስል ያወጣል እንጂ አያስገባም። የሁለቱም ያወጣል። ሁለት ተናጋሪ አፋጠሽ ሰሚ ፍለጋ ላይ ነሽ በቃ።»

«እና አይሆንም?»

«በገመድ አይሆንም፤ በፕሮግራም ግን አንዱ ማውዝ ሁለቱንም ስክሪን እንዲያዝ ማድረግ ይቻላል።» ከፍላሹ ላይ አንድ ፕሮግራም ገለበጠልኝ፤ ከኪሱም አጭር የኔትወርክ ሽቦ አውጥቶ ሁለቱን አገናኘ። ፕሮግራሙ በቢሮው ላፕቶፕ ላይ ደህና ገባ። የወንድሜ ላይ ግን በቀይ ጽሑፍ እምቢ አለ። የፕሮግራሙ የምስክር ወረቀት ጊዜው ገና አልደረሰም ይላል።

«ገና አልደረሰም ማለት ምን ማለት ነው?» አልኩ።

ሮቤል ታች ጥግ ላይ ያለውን ቀን አየና ግድግዳውን ተደግፎ ሳቀ። «ሰኒ፣ እዚህ ላይ ዓመቱን ሁለት ሺህ ሰባት ብሎ የሞላው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ። ታዲያ ሁለት ሺህ ሰባት አይደለም?»

«በእኛ ነዋ! በእነሱ ሁለት ሺህ አሥራ አምስት ነው። ይኼ ላፕቶፕ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ቀርቶ ነው የሚኖረው። ፕሮግራሙ ገና አልተወለደም።»

እውነቱን ነው። የውስጡ ትንሿ ባትሪ ስለሞተች በተነሣ ቁጥር ቀን ይጠይቀኛል። አንድ ቀን ብስጭት ብዬ የአገሬን ዘመን ሞላሁለት። አስተካከልነው፤ ገባ። ሮቤል ደንበኛ ጠራውና ወረደ። እኔ ደግሞ ቀጥሎ የመጣውን የፈቃድ ጥያቄ ሳላነብ «ከልክል» የሚለውን ተጫንኩ። የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ይሏታል። የከለከልኩትን መልሼ እስክፈቅድ አንድ ሰዓት ሄደ። በመጨረሻ ተገናኙ። ግን ግራና ቀኙ ተገለበጠ፤ አሮጌው በግራዬ ተቀምጦ ማውዙ የሚሻገረው በቀኝ በኩል ነው። ወደ ግራ ስገፋው ከስክሪኑ ጠርዝ ጋር ይጋጫል። ማውዙን ጠረጴዛው ላይ አጮህኩት።

«ልጄ፣ ምሳ አትበይም?» አሉኝ እትዬ አስካለ ከኋላዬ።

«አልራበኝም!»

ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ የማውዙ ቀስት ከአንዱ ስክሪን ወጥታ ሌላው ላይ ገባች። ረቂቁን ስካን አድርጌ በግራ፣ የተየብኩትን በቀኝ ዘረጋሁ። መስመር ለመስመር ትይዩ ቆሙ። ቢሮው ውስጥ ድምፅ የለም፤ አንባቢ የለም፤ እኔና ዓይኔ ብቻ። እኔን የሚያህል ማን ነበር! በሰዓት ተኩል አሥራ አራት ገጽ አየሁ።

ስምንት ሰዓት ላይ መብራት ሄደ።

የቢሮው ላፕቶፕ ባትሪ አለው፣ አልጠፋም። ባትሪው የሞተው የወንድሜ ላፕቶፕ ግን ድርግም አለ። ረቂቁም አብሮ ጠፋ። ዝናብ ሊመጣ ሰማዩ ጠቁሯል፤ ክፍሉ ደብዝዟል። ሃያ ስድስት ገጽ ይቀራል፤ ሦስት ሰዓት አለኝ። ጠረጴዛውን በቡጢ መታሁት። ከዚያ ሌላ ምርጫ ስላልነበረኝ ላፕቶፑን ታቅፌ ወንበሬን አዞርኩና መስኮቱ አጠገብ ከእትዬ አስካለ ፊት ለፊት ተቀመጥኩ። የረቂቁን ወረቀት ሰጠኋቸው።

«ይቀጥሉ፤ ከገጽ አሥራ አምስት።»

«ልጄ፣ ዛሬ ራሴን አሞኛል።»

«እትዬ፣ አሥራ አንድ ሰዓት ማድረስ አለብን።»

«መብራቱ ይመጣል፤ ትንሽ እንጠብቅ።»

«መቼ እንደሚመጣ ያውቃሉ? ያንብቡ እንጂ!»

ወረቀቱን ወደ መስኮቱ አቀኑት። ከዚያ ወደ ፊታቸው አስጠጉት፤ ከዚያ ደግሞ አራቁት። ጉሮሯቸውን ጠራረጉና በዚያ ለስላሳ ድምፅ ጀመሩ፤ «ሕፃኑ ከፍተኛ ትኩሳት ካለው፣ ነጠላ ሰረዝ፣ በመጀመሪያ…»

ስክሪኔን አየሁ። እኔ ያለሁት ተቅማጥ ላይ ነው።

«እትዬ፣ ገጽ አሥራ አምስት ነው ያልኩት።»

«እሱን ነው የማነበው።»

ተነሥቼ ከላያቸው ወረቀቱን አየሁት። ገጽ አሥራ አምስት ነው። «ሕፃኑ ተቅማጥ ካለው» ይላል። ትኩሳት የሚል ቃል ገጹ ላይ የለም። ይህን ጊዜ ፈነዳሁ። ምን እንዳልኩ ሁሉንም አልጽፈውም፤ «ይቀልዱብኛል?» ብያለሁ፤ «ሰው እንጀራውን እንዲህ ይንቃል?» ብያለሁ። ሌላም ብያለሁ።

እትዬ አስካለ ወረቀቱን ጭናቸው ላይ አስቀመጡና ሁልጊዜ ከአጠገባቸው የማይለየውን ትልቅ ቦርሳ ከፈቱ። የታጠፈ ወረቀት አወጡ፤ ትልቅ ነው፣ የግድግዳ ካላንደር ጀርባ ነው። ዘረጉልኝ። በወፍራም ጥቁር ማርከር፣ በጣት ቁመት ፊደል ተጽፎበታል። አንድ ወረቀት አምስት መስመር እንኳ አይችልም። ከሥሩ ሌላ አለ፤ ከሥሩም ሌላ።

«እኅቴ ናት የምትገለብጥልኝ» አሉ። «አስተማሪ ነበረች፤ ለጥቁር ሰሌዳ የለመደ እጅ ነው ያላት። ማታ ማታ ይዤላት እሄዳለሁ፣ ገልብጣ ትሰጠኛለች፣ በማግስቱ ያንን አነብልሻለሁ። ትናንት ግን አቶ ንጉሤ ረቂቁን ቤታቸው ወሰዱት፤ አሁን በግምት ነው የጀመርኩልሽ።»

ነገሩ ወዲያው አልገባኝም። ወይም ገብቶኝ አልቀበል አልኩ። ወረቀቶቹን አገላበጥኩ። የትምህርት ቤቱ ደንብ ነበር። ያን አንቀጽ ፈለግሁት። «የታመመ ተማሪ ያለ ፈቃድ ከክፍል አይወጣም» ይላል፤ ቀጥሎ ሌላ አንቀጽ ነው። እኅታቸውም እኔ የዘለልኩበት ቦታ ላይ ዘልላለች። እትዬ አስካለ የነበረውን ሁሉ አንብበዋል።

«ሞራ ነው» አሉኝ፤ ዓይናቸውን በጣታቸው እያሳዩ። «የሰው ፊት ለይቼ ካየሁ ዓመታት አልፈዋል፤ ፊደሉ የጠፋኝ ግን አምና ነው። ሐኪሙ ይገፈፋል ብሎኛል። ግን ለዚያ ፈቃድ መጠየቅ አለብኝ። ፈቃድ ስጠይቅ ምን ልበል? ዓይኔ አያይም ያለ አንባቢ ማን ያሠራዋል? ውሌ ይታደስና እጠይቃለሁ እያልኩ ዓመት አለፈኝ።»

አሁን ቀና ብዬ አየኋቸው። ሦስት ዓመት አብረን ሠርተናል። የግራ ዓይናቸው ብሌን ላይ የወተት ጠብታ የመሰለ ነገር አለ፤ ማንም ፊታቸውን ልብ ብሎ ያየ ሰው የሚያየው ነገር ነው። እኔ ግን አላየሁም። አፈርኩ። ሌላ ቃል የለውም፣ አፈርኩ።

ግን ማፈር ሃያ ስድስት ገጽ አያመሳክርም። ለአንድ ሰዓት ያህል የቻልኩትን አደረግሁ፤ ረቂቁን ጭኔ ላይ አድርጌ ወደ ታች ወደ ላይ እያየሁ ሦስት ገጽ ገፋሁ። ሁለት ጊዜ መስመር ስቼ ተመለስኩ። እትዬ አስካለን ጣታቸውን ወረቀቱ ላይ አስይዣቸው፣ «አሁን ውረጂ» ስላቸው ዝቅ ያደርጋሉ። «ውረጂ» ማለቴን እንኳ ያስተዋልኩት በኋላ ነው፤ እሳቸውም አልተቆጡም።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ መብራት መጣ። የወንድሜን ላፕቶፕ አስነሣሁት። እንደ ልማዱ ቀን ጠየቀኝ፤ የፈረንጁን ሞላሁለት። ረቂቁ ስክሪኑ ላይ ተመልሶ ሲወጣ እጄ ማውዙ ላይ ቆመ። ከዚያ ወደ እትዬ አስካለ ዞርኩ።

«እትዬ፣ ወንበርዎን ይዘው ወደዚህ ይምጡ።»

ሽቦዋ አጭር ስለሆነች ከአጠገቤ፣ ክርን ለክርን መቀመጥ ነበረባቸው። ላፕቶፑን ወደ እሳቸው አዞርኩት። ምስሉን አጎላሁት፤ አሁንም አጎላሁት። የአቶ ንጉሤ ጭረት የመሰለ የእጅ ጽሑፍ ስክሪኑን ሞላው፤ ሦስት መስመር ብቻ ቀረ።

«ይታያል?»

አንገታቸውን ወደ ፊት ሰበቅ አደረጉ።

«ሕፃኗ፣» አሉ፤ «ሕፃኗ ከስድስት ወር በታች ከሆነች፣ ነጠላ ሰረዝ፣ ግማሽ ክኒን…» እዚህ ላይ ነጠላቸውን ወደ ፊታቸው ወሰዱና መለሱት። «ያለ ማንም ካነበብኩ ዓመት አለፈኝ እኮ ልጄ።»

«ይቀጥሉ እትዬ፣ ጊዜ የለንም» አልኩ። ይህን ስል እኔም እያለቀስኩ ነበር፤ ቁጡ ሰው ሲያለቅስም ትእዛዝ መስጠቱን አይተውም።

እንዲህ ሠራን። እሳቸው ያነባሉ፣ እኔ በእኔ ስክሪን እከተላለሁ፤ ሦስቱ መስመር ሲያልቅ ማውዜን ወደ እሳቸው አሻግሬ ገጹን ከፍ አደርግላቸዋለሁ። ዝግ የሚለው ድምፅ ያን ቀን አልዘገየም። ገጽ ሃያ ሁለት ላይ «ከምግብ በፊት» ሲሉ እኔ «ከምግብ በኋላ» ብዬ ተይቤ አገኘሁት። ገጽ ሠላሳ አንድ ላይም ሌላ ያዝን። አሥር ሰዓት ከአርባ አምስት ላይ እትዬ አስካለ የመጨረሻውን «አራት ነጥብ» አሉ።

አቶ ንጉሤ የገቡት ስናትመው ነው። ሁለቱን ስክሪን አዩ፣ ወረቀቱን አገላበጡ፣ ፊታቸው ፈካ።

«ሠራልሽ እንዴ? ብቻሽን ጨረስሽው?»

አፌን ከፈትኩ። «አብረን ነው የሠራነው፤ ያለ እሳቸው አይሆንም» ልል ነው። ስለ ዓይናቸው አንድ ቃል እንደማልተነፍስ ወስኛለሁ። እትዬ አስካለ ግን ቀደሙኝ።

«አቶ ንጉሤ፣ ዓይኔ አያይም» አሉ። «ይኸው ዓመት ሆነኝ። የትምህርት ቤቱም ስህተት በእኔ የመጣ ነው፤ ይቺን ልጅ አይውቀሷት።»

አቶ ንጉሤ ወንበር ሳቡና ተቀመጡ። «ታዲያ ለምን አልነገሩኝም ወይዘሮ አስካለ?»

«ብነግርዎ ምን ያደርጉ ነበር?»

ክፉ ሰው አይደሉም አቶ ንጉሤ። «አቆይዎት ነበር» ብለው ቢዋሹ ይችሉ ነበር፤ አልዋሹም። ሰዓታቸውን አዩና ወረቀቱን ይዘው ወጡ።

ውሉ አልታደሰም። ለመንኩ፤ ተቆጣሁ፤ ሥራ እለቃለሁ ብዬ ፎከርኩ። «ብቻዬን እችላለሁ ያልሽኝ አንቺ ነሽ፤ አይቼሻለሁ፣ ትችያለሽ» አሉኝ። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። በሐምሌ እውነተኛ ሁለተኛ ስክሪን ተገዛልኝ፤ አዲስ፣ ሰፊ፣ ቀን የማይጠይቅ። እኔ የፈለግሁት ሁሉ ሆነ ማለት ነው።

ይህን የምታነቡ ሁሉ አጠገባችሁ ሥራ የሚያጓትት፣ መስመር የሚዘልል፣ የሚያበሳጫችሁ ሰው ይኖራል። አትቆጡ አልልም፤ እኔም እስከዛሬ እቆጣለሁ። ግን ከመቆጣታችሁ በፊት ወንበራችሁን አዙሩና ፊቱን እዩት። እኔ ይህን እንዳውቅ ኤሌክትሪክ መጥፋት ነበረበት። ከዚያ ወዲህ ለማንም ጀርባዬን ሰጥቼ አልሠራም፤ ጠረጴዛዬን በማግስቱ ከግድግዳው ነቅዬ አዞርኩት። አቶ ንጉሤ ለምን ብለው አልጠየቁኝም።

እትዬ አስካለ የሚደብቁት ሲያጡ ክረምቱ ሳይወጣ ሞራው ተገፈፈላቸው። አሁን በሰፈራቸው ደብር ጽሕፈት ቤት የክርስትና ካርድ ይጽፋሉ፤ በእጃቸው። ጥቅምት ላይ ሊጠይቁኝ ቢሮ መጡ። በሩ ላይ ቆመው ለረጅም ጊዜ አዩኝ።

«አንቺ ጠይም ኖረሻል እንዴ!» አሉ። «ሦስት ዓመት ሙሉ ለእኅቴ ቀይ ልጅ ናት እያልኩ!»

ሳቅን። ሻይ ጠጣን። ልሸኛቸው ደረጃው አፋፍ ስንደርስ ክንዴን ያዙኝ።

«ያን ቀን ጠዋት ለአቶ ንጉሤ ስትነግሪያቸው በሩ ጋ ነበርኩ» አሉኝ። «ሁሉንም ሰምቻለሁ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አሉኝ? ለምንስ ከወቀሳ አወጡኝ?»

«ፊቷን አይቼ ከማላውቅ ልጅ ጋር እንዴት እጣላለሁ?» አሉ። «አሁን ግን አይቼሻለሁ፤ ተጠንቀቂ።»

እየሳቁ ወረዱ። እኔ ከላይ ቆሜ ቀረሁ። በአማርኛም በትግርኛም የማውቀውን ቃል ሳልነግራቸው ሄዱ። እትዬ አስካለ፣ አሁን ያለ ማንም እርዳታ ያነባሉና፣ በጽሑፍ ልበልዎት፤ ይቅር ይበሉኝ።